ሰውዬውና የአባቴ ጀለቢያ

እኛ ቤት ውሻ ይገባል ብሎ የሚገምት ሰው አልነበረም። አባቴ በወጣትነቱ ከስልጤ መጥቶ አምቦ ገበያ ዳር ጨርቃ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ሀጂ ነው፤ ልብሱ ላይ የሻይ ጠብታ ካረፈ ቀኑን ሙሉ ፊቱ አይፈታም። የውሻ ምራቅ ደግሞ በእኛ ዘንድ እንደ ሻይ ጠብታ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ የሚታለፍ አይደለም። የነካው ልብስ ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱ አንዱን በአፈር፣ ካልታጠበ አይሰገድበትም። ልጅ ሳለሁ ከትምህርት ቤት ስመለስ ውሻ ካየሁ ቀሚሴን ሰብስቤ መንገድ እሻገር ነበር።

ግን በአንድ ክረምት ሌቦች ሁለት ጊዜ አጥር ዘለው ገቡብን። መጀመሪያ የውሃ ፓምፑን ነቅለው ሄዱ። በሁለተኛው የአንደኛውን ፊት በመስኮት አየሁት፤ እሱም አየኝ፤ አልሮጠም። ያ አለመሮጡ ነው ያስፈራኝ። እናቴ ከሞተች፣ ወንድሞቼም አዲስ አበባ ከገቡ ወዲህ በዚያ ሰፊ ግቢ ያለነው እኔና አባቴ ብቻ ነን፤ እሱም ስኳር አለበት። ሱቁን የምከፍተው እኔ፣ መድኃኒቱን የማስታውሰው እኔ፣ ምን እንደበላ የምቆጣጠረው እኔ ነኝ። በዚህ ላይ አጥር መጠበቅ ሲጨመርብኝ እንቅልፍ አጣሁ፤ ፈራሁ፤ ለመናገርም አላፈርኩም።

አዲስ ዓለም የሚኖር አንድ የአባቴ ደንበኛ ኮንዶሚኒየም ሊገባ ስለነበር ውሻውን የሚረከበው ሰው ይፈልግ ነበር። አባቴ የመስጊዱን ሼህ ጠየቀ። «ለጥበቃ ከሆነ ይፈቀዳል፤ ቤት ውስጥ ግን አይገባም» አሉት። በሳምንቱ ውሻው በአይሱዙ ተጭኖ መጣ።

ሮትዋይለር የሚባል ዝርያ ነው አሉን። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነው፤ ከዓይኖቹ በላይ ግን ሁለት ቡናማ ነጥቦች ስላሉት በአራት ዓይን የሚያይህ ይመስላል። ጭንቅላቱ የጥጃ ነው። ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። እኔን ሲጠሩ «ኢንታላ ኮ» ነው የሚሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ኢንታላ ኮ፣ ውሻ ነው ወይስ ለቅርጫ ያመጣችሁት?» አሉኝ።

ከነስሙ ነበር የመጣው። አባቴ ግን «በስሙ ከጠራነው ነገ ሶፋ ላይ እናገኘዋለን» ብሎ ከለከለ። ሳምንት ሳይሞላ ራሱ «ሰውዬው በላ?» ማለት ጀመረ፤ በዚያው ሰውዬው ሆኖ ቀረ።

ሰውዬው አይጮህም። ይህ ነው መጀመሪያ ያናደደኝ። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ጉሮሮው እስኪደርቅ ሲጮህ እሱ ቁጭ ብሎ ያያል። ይሄን ሁሉ አጥንት የሚበላ ዝምተኛ አምጥተን ተሸወድን ብዬ ለአባቴ ተነጫነጭኩ። ከዚያ የመብራት ቆጣሪ የምታነበው ልጅ መጣች። በሩን ከፍቼ አስገባኋትና የድሮውን ደረሰኝ ላመጣ ቤት ገባሁ። ስመለስ ጀርባዋን ግድግዳ ላይ ለጥፋ ቆማለች፤ ሰውዬው ከእግሯ ሥር ቁጭ ብሏል። ስትገባ ዝም ብሏታል፤ ልትወጣ ስትል ነው የመጣው። እግሯን ባንቀሳቀሰች ቁጥር ከሆዱ ያጉረመርማል። ጠራሁት፤ አልሰማኝም። ዳቦ ወረወርኩ፤ አላየውም። የልጅቷ ከንፈር ነጭ ሆነ። አባቴ በረንዳው ላይ ወጥቶ፣ ድምፁን እንኳ ሳያነሳ፣ «ሰውዬው፣ በቃ» አለ። ተነስቶ ሄደ። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ቆጣሪያችንን በሩ ላይ ቆማ በስልክ ነው የምትጠይቀኝ።

እኔ ደግሞ ነክቼው አላውቅም። ምግቡን የምሰጠው ረጅም እጀታ ባለው መጥበሻ ነው። የውሻ ቤቱን መቀርቀሪያ የምገፋው በዱላ ነው። ዱላዬ ከእጄ አይለይም ነበር፤ ምክንያቱም ሰውዬው አንድ መጥፎ አመል ነበረው፣ ሰው መደገፍ። ቀስ ብሎ ይመጣና ያን ሁሉ ክብደቱን እግር ላይ ሊጥል ይሞክራል። የእንስሳት ሐኪሟ የእብድ ውሻ ክትባት ልትሰጠው መጥታ ሳለ «ይህ ዝርያ የሚደገፈው የወደደውን ሰው ነው» አለችን። አባቴ ፊቱን ሳያዞር፣ «እባክሽ እኔን እንዳይወደኝ ንገሪልኝ» አላት። እኔ በዱላ መሬት እየመታሁ አርቀው ነበር።

ሰውዬው የመጣው በኮሮናው ወቅት፣ መስጊድ ተዘግቶ አባቴ ቤት በሚሰግድበት ጊዜ ነው። መስጊዱ ሲከፈት አባቴ ከእንግዲህ አንድም ሱብሂ፣ የንጋቱ ሶላት፣ አያመልጠኝም ብሎ ለራሱ ቃል ገባ። ከመኝታ ቤቱ እስከ ውጭ በሩ ደግሞ ሠላሳ እርምጃ ያህል አለ፤ ሰውዬው ልቅ ከሆነ ጀለቢያው ንጹሕ ሆኖ በሩ ጋ አይደርስም። ስለዚህ ሥራው ለእኔ ተሰጠኝ። አዛን ሲል እነሳለሁ፣ ደረቅ ዳቦ የውሻ ቤቱ ውስጥ እወረውራለሁ፣ ሲገባ መቀርቀሪያውን በዱላ እገፋለሁ፣ ተመልሼ እተኛለሁ። አባቴ ሲወጣ እንኳ አልሰማውም። ዘጋሽበት ወይ ብሎ ጠይቆኝም አያውቅም፤ ያምነኛል።

አንድ ቀን ማታ መብራት ጠፋ። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ሞተ፤ የመስጊዱም ድምፅ ማጉያ አልሠራም። አባቴ ሆዱን ጎርበጥ አድርጎት እራቱን ሁለት ጉርሻ በልቶ ተወው፤ መድኃኒቱን ግን ወሰደ። አየሁት፤ ደክሞኝ ስለነበር ዝም አልኩ። ይህን ዝምታዬን እስካሁን ይቅር አላልኩትም።

የነቃሁት በጩኸት ነው። ሰውዬው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጮኸው፤ ከደረቱ የወጣ፣ የመስኮቱን መስታወት ያንቀጠቀጠ ድምፅ። ዓይኔን ስገልጥ ሊነጋጋ ነው። አልዘጋሁበትም! በባዶ እግሬ ሮጬ ወጣሁ፤ ዱላዬን ግን አልረሳሁም።

አባቴ ከውሃ ሮቶው አጠገብ በጀርባው ወድቋል። የእጅ ባትሪው ሳሩ ውስጥ እንደበራ ነው። ሰውዬው ከላዩ ነው፤ የፊት እግሮቹን በደረቱ ግራና ቀኝ ተክሎ አፉን ትከሻው ላይ አድርጓል። ነጩ ጀለቢያ ከትከሻ እስከ ደረት ርሷል። በዚያ ድንግዝግዝ እርጥብ ነገር ሁሉ ደም ይመስላል። ጮህኩ።

መምህሩ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። «ሳሬን ሀጂ ኛቴ! ውሻው ሀጂን በላው!» አሉና ድንጋይ ወረወሩ። ድንጋዩ የሰውዬውን ጎን መታው። ይሸሻል ብዬ ነበር። አልሸሸም፤ ሆዱን ዝቅ አድርጎ አባቴን በሙሉ ሸፈነው። ጥርሱን ሲያሳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሁለት እርምጃ ስጠጋ በእኔም ላይ አጉረመረመ። ግን እዚያው ሆኜ በባትሪው ብርሃን ሌላ ነገር አየሁ፤ ደም የለም፣ ጀለቢያውን ያራሰው ምራቅ ነው። የአባቴ ግንባር በላብ ተጥለቅልቋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ የማይሰማ ነገር ያጉተመትማል። ይህን ላብ አውቀዋለሁ። ስኳሩ ወርዷል፤ ጊዜ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ወደ ኩሽና ሮጬ የማሩን ብልቃጥ ይዤ ተመለስኩ። ሰውዬው አሁንም አላስጠጋ አለኝ።

«ዞር በይ ኢንታላ ኮ!» አሉ መምህሩ። ምሳር ይዘዋል። መሰላላቸውን ወደ እኛ ግቢ እያዞሩ ነው። ምሳር ይዘው ከወረዱ ውሻው ይይዛቸዋል፣ ወይም እሳቸው ይመቱታል፤ ሁለቱም የሚሆነው አባቴ ደረት ላይ ነው።

እኔ የሀጂ ልጅ፣ «ጋሼ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ እዚያው ይቁሙ!» ብዬ ጮህኩ። እሳቸው የማርያም ወዳጅ ናቸው፤ ቀጥ ብለው ቆሙ።

እጄን አየሁት። በአንዱ ማር፣ በአንዱ ዱላ። ይህ ውሻ አንድ ዓመት ሙሉ ከእኔ ያየው ይህን ዱላ ነው። ጣልኩት። በጉልበቴ ተንበረከክሁና «ሰውዬው፣ በቃ» አልኩ። ድምፄ ተሰባብሮ እንደ አባቴ አልወጣልኝም። በጉልበቴ እየተንፏቀቅሁ ደገምኩት። በቃ፣ በቃ፣ ሰውዬው። ትንፋሹ ፊቴ ላይ እስኪደርስ ተጠጋሁ። ከዚያ ባዶ እጄን አንገቱ ላይ አሳረፍኩ።

እየተንቀጠቀጠ ነበር። ያ ሁሉ ጡንቻ ከቆዳው ሥር እንደ ሕፃን ይንቀጠቀጣል። እሱም ፈርቶ ኖሯል። እጄን አሸተተ፤ ቀስ ብሎ ከአባቴ ላይ ተነሳና ያን ሁሉ ክብደቱን እኔ ላይ ጣለው። ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። እሱን በትከሻዬ ደግፌ የአባቴን ከንፈር ገልጬ ማሩን ድዱ ላይ ቀባሁ። እንደገና ቀባሁ። መምህሩ መሰላሉ ላይ ሆነው የሆነ ነገር እየጸለዩ ነው። እኔም እጸልያለሁ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፤ ለእኔ ግን ሙሉ ቀን ነበር።

አባቴ ዓይኑን ገለጠ። «ሰገዱ?» አለ። የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነው። ቀጥሎ ጀለቢያውን አየ፣ ሰውዬውን አየ፣ የኔን እጅ ውሻው አንገት ላይ አየ።

መምህሩ ባጃጅ ጠርተው ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ ከምሳ በፊት ተመለስን። ከሰዓት በኋላ ጀለቢያውን ላጥብልህ ስለው እምቢ አለኝ። በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ራሱ አጠበው። ከሎሚው ሥር አፈር ዘገነ፣ አሸ፣ አለቀለቀ፣ እስከ ሰባት ቆጠረ። እኔም እጄን እንደዚያው ታጠብኩ። ያኔ ነው የነገርኩት።

«አባ፣ አልተነሳሁም። አልዘጋሁበትም» አልኩ። ጀለቢያውን ጨምቆ ገመድ ላይ ሰቀለው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሊጠይቁ የመጡት የመስጊድ ጓደኞቹ «ሀጂ፣ ይህን አውሬ ከግቢዎ ያስወጡት» ይሉት ነበር። እንደነከሰው ነው የሚያወሩት። እኔ አልነከሰውም እያልኩ ደከመኝ። በማግስቱ አባቴ በረንዳው ላይ ሆኖ አዲስ ዓለም ሲደውል ሰማሁት። ያን ደንበኛውን ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጥቂት ተነጋገረና ዘጋ። ውሻውን ሊመልሰው ነው። አንድ ዓመት በዱላ ያራቅሁትን ውሻ ሊወስዱብኝ ነው ብዬ ያን ቀን ሱቅ ውስጥ ጥቅልል ጨርቅ ተደግፌ አለቀስኩ። ምን ልበለው? ጥፋቱ የኔ፣ ልብሱ የእሱ፣ ሃይማኖቱ የሁላችን።

በሦስተኛው ቀን መብራት አለ፤ አዛኑ ጥርት ብሎ ተሰማ። ዳቦና ዱላዬን ይዤ ወጣሁ። አባቴ ቀድሞኝ ግቢው ውስጥ ቆሟል። የለበሰው ጀለቢያ አይደለም፤ ከመኪና ዕቃ ሲያራግፍ የሚለብሰው አሮጌ ካፖርት ነው። እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከቷል። ብብቱ ሥር ፌስታል ይዟል፤ ፌስታሉ ውስጥ ጀለቢያው ታጥፎ ይታያል።

«ተዪው፣ አትዝጊበት» አለኝ። «እዚያ ታጥቤ እቀይራለሁ።»

ሰውዬው ከጎኑ ሆኖ ሄደ። በሩ ጋ ሲደርሱ ሁለቱም ቆሙ፤ ሰውዬው ቀስ ብሎ ካፖርቱ ላይ ተደገፈ። አባቴ አልሸሸም፤ እንዳይወድቅ እግሩን ሰፋ አድርጎ ቆመለት።

«ያን ቀን ዘግተሽበት ቢሆን ኖሮ» አለኝ ሳያየኝ፣ «አንቺ ተመልሰሽ ትተኛለሽ። እኔም እዚያው እቀራለሁ። ማን ይቀሰቅስሽ ነበር?»

ሦስት ቀን ተሸክሜው የከረምኩትን ከላዬ ሲያወርድልኝ ታወቀኝ። ቢሆንም ያ ስልክ ከአንጀቴ አልወጣም።

«አዲስ ዓለም ለምን ደወልክ ታዲያ?» አልኩት።

«ይህ ዝርያ ስንት ዓመት ይኖራል ብዬ ልጠይቀው ነው።» በሩን ከፈተ። «ከእንግዲህ አምስት፣ ቢበዛ ስድስት ዓመት ይኖራል አለኝ።»

ፌስታሉን ብብቱ ሥር አስተካከለና ቁልቁል ሰውዬውን አየው።

«ይበቃናል» አለ፤ ወጣ።

በሩን ዘጋሁ። ዳቦውን ለሰውዬው በእጄ አጎረስኩት፤ በአፉ ይዞ በሩ ሥር ቁጭ አለ፣ አባቴ እስኪመለስም አልበላውም።