የማን ኪኒን ይሻላል?

ናይሮቢ የምንኖር ሐበሾች ስንገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የምናወራው ስለ ጨጓራችን ነው። ባለፈው ኢስሊ ሰፈር፣ እትዬ ዘነበች ምግብ ቤት፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ኪኒናችንን ጠረጴዛ ላይ ደርድረን የማን እንደሚሻል እንከራከራለን። እኔ ሆዴን ይዤ «ከኦሜፕራዞል የሚበልጥ የለም!» እላለሁ። እትዬ ዘነበች ሳህን ሊያነሱ መጥተው የገረጣ ፊቴን ትክ ብለው አዩና፣ «ልጄ፣ ሰገራህ ጠቁሯል እንዴ?» አሉኝ።

ያውም በምሳ ሰዓት! ተመጋቢው ሁሉ ዞረ። አንገቴን ደፍቼ «እንደ ሬንጅ» አልኳቸው። ሳህኑን ትተው ክንዴን ይዘው በታክሲ ሆስፒታል አደረሱኝ።

ጨጓራዬ ቆስሎ እየደማ ነበር፤ ሐኪሙ «ብትዘገይ አትተርፍም ነበር» አለኝ።

አፌን ከፍቼ «እትዬ፣ እንዴት አወቁ?» አልኳቸው።

«ባለቤቴም አንተ የተቀመጥክባት ወንበር ላይ ኪኒን ሲያማርጥ ነው ያመለጠኝ።»