አክስቴ ያዘገየችው ዘፈን

ካሴቱ ከሽፋኑ ሲወጣ የአሮጌ ፕላስቲክና የብል መድኃኒት ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ፍኖተ ሰላም፣ አንድ ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ባለሙያው ቅጂውን ወደ ኮምፒውተር ካስገባ በኋላ ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደ።

«አባቴ፣ ጭብጨባውና ዘፋኟ አልተገናኙም። ምቱ ይወላገዳል፤ ድምፁም ከተነሳበት እየሸሸ ነው። በአንድ ምት ላስተካክልልዎት?»

«አይነካም» አልኩት።

ደነገጠ። ዕድሜዬን ሙሉ ሙዚቃ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ የተንጋደደ ምት ስሰማ ማረም ልማዴ ነበር። ይህኛው ግን ስሕተት አይደለም።

ቅጂው ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው የአባቴ ቤት፣ እህቴ የተዳረች ዕለት የተቀዳ ነው። መቅረጫውን ከኮሌጅ ይዤ የመጣሁት እኔ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ይመስለኛል፤ ቢያንስ ብርሃኑን እንደዚያ አስታውሰዋለሁ፤ በዳሱ መካከል እየሾለከ በሙሽራዋ ነጭ ቀሚስ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። አዲስ የተቆረጠ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸታል። በእኛ ቤት ልማድ ሙሽራ ከተቀመጠችበት የምትነሳው የቤቱ ሴቶች የስንብቱን ዘፈን ሲዘጉ ነው። ዘፈኑን አውጪዋ አክስቴ ነበረች። እህቴ ዐሥረኛ ክፍል ደርሳ ነበር፤ የሁለቱም ቤት ወንዶች ትምህርቷ ይብቃ ብለው ተስማምተዋል። አክስቴን ማንም አልጠየቃትም። እርሷም ከበሮዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ጀመረች፦

አትሂጂ አላልኩሽም፣ መሄድሽማ ላይቀር፤
ቀስ ብለሽ ተነሺ፣ ቤት እንዳይደናገር።

ቅኝቱ ባቲ ነው። እንዲህ ያለው ዘፈን እየሞቀ፣ እየፈጠነ መሄድ ነበረበት፤ እርሷ ግን አዘገየችው። ሚዜዎቹ መንገዱ ሩቅ ነውና ሙሽራዋን ሊያስነሱ ጭብጨባውን አፈጠኑ። አክስቴ ይባስ ጎተተችው።

«ኧረ አንቱ! ሠርግ ነው ወይስ ለቅሶ?» አለ አንደኛው ሚዜ። ዳሱ በሳቅ ተሞላ።

«ለእናንተ ሠርግ ነው፤ ከእኛ ቤት ሰው እየጎደለ ነው» አለችው ከበሮዋን ሳታቋርጥ።

«በቅሎዋ እኮ ቆማ ልታንቀላፋ ነው!»

«ታንቀላፋ። ልጅቷ ትማራለች በሉኝና እኔው አነቃታለሁ።»

ባለሙያው መቅረጫው ባትሪ ደክሞት ይሆናል ብሎ ሊያግባባኝ ሞከረ። እኔም ጥርጣሬ የማይለየኝ ሰው ነኝና ደግሜ አዳመጥኩ። ባትሪ ደክሞ የተቀረጸ ነገር ሲደመጥ ድምፁም ይቀጥናል፣ ምቱም ይፈጥናል። እዚህ ግን የአክስቴ ድምፅ ከስንኝ ስንኝ ሽቅብ ሲወጣ ምቱ ቁልቁል ይወርዳል። ይህ የባትሪ ሥራ አይደለም። የሰው ፈቃድ ነው።

በመጨረሻ የሙሽራው አጎት ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ትማራለች! በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ተናገርኩ። አሁን ይዝጉልን፣ እትዬ።»

ይህን ቃል ሰምቼዋለሁ እያልኩ ለዓመታት ስናገር ኖሬ፣ ካረጀሁ በኋላ እኔው ራሴ የፈጠርኩት እየመሰለኝ መጥቶ ነበር። ቅጂው ላይ አለ። ቃሉም ተከብሮ እህቴ እዚሁ ፍኖተ ሰላም ተማረች፤ ነርስ ሆነች።

በአንድ ነገር ግን ተሳስቻለሁ። አክስቴ ቃሉን እንደሰማች በድል ምቱን አፍጥና ዘጋችው እያልኩ ነበር የማወራው። ቅጂው እንዲህ አይልም። ከአጎትየው ንግግር በኋላ እልልታ ይሰማል፤ ጭብጨባው ይጋልባል። እርሷ ግን ያንኑ ስንኝ እንደገና ታነሳለች፣ ከፊተኛው ይበልጥ አዝግማ። የጠየቀችው ቃል ተሰጥቷል፤ ከእንግዲህ የምትጠይቀው የለም። ጭብጨባው ግራ ተጋብቶ ይሳሳል፤ ከዚያም አንድ በአንድ ወደ እርሷ ምት ይወርዳል፣ የሚዜዎቹ ሳይቀር። በመጨረሻ ከበሮው ብቻ ይቀራል። ከበስተኋላው አንዲት ሴት አፍንጫዋን ስትስብ ይሰማል። እህቴ ትመስለኛለች፤ አልምልም።

አክስቴ ካረፈች ቆይታለች። ያን ድምፅ የያዘ ሌላ ነገር የለንም።

«እሺ፣ መጨረሻውን እንኳ ላሳጥረው፣ አባቴ?» አለ ባለሙያው። «በጣም ይጎተታል።»

«ተወው፤ ይጎተት» አልኩት። «ገና አልለቀቀቻትም።»