ቆብና ቅል

በደርግ ዘመን ደብረ ታቦር ላይ ከብት ከታቢ ሆኜ ስሠራ መሥሪያ ቤቱ አንድ ዶቅዶቄ ሰጥቶኝ ነበር። ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ፍጥነቷ ነው። እኔን ግን የሚያስጨንቀኝ ወርጄ ስቆም ዕቃዬን የት እንደማኖረው ነበር።

የደብረ ታቦር ጠዋት የጉና ተራራ ብርድ አለበት። ስለዚህ የቆዳ ጃኬት፣ ጓንት፣ መነጽርና ቦቲ ጫማ አድርጌ እነሣለሁ። ቁልቁለቱን ጨርሼ ወደ ፎገራ ሜዳ ስገባ ሙቀቱ ይቀበለኝና አንድ በአንድ ማውለቅ እጀምራለሁ። ብልሃቱን ቀስ በቀስ ደረስሁበት። ጓንቱ ጃኬቱ እጅጌ ውስጥ ይገባል፤ ጃኬቱ ተጠቅሎ ጆንያ ውስጥ ይገባል፤ ጆንያው ከኋላ ፖርቶመጋላው ላይ ይታሰራል። በዚህ ሁሉ ብልሃት የማይሸነፈው ራስ ላይ የሚደፋው የአደጋ መከላከያ ቆብ ነበር። የጆንያው አፍ አያስገባውም፤ መሪው ላይ ባንጠለጥለው ዝናብ ይሞላዋል፤ መሬት ላይ ባስቀምጠው ዶሮ ገብታ ትተኛበታለች።

ይህ ቆብ በእርግጥ ሰው ያድናል ወይ የሚለው ነገር ገና በተረከብሁት ሰሞን እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ሰው የነገረኝን ዝም ብዬ መቀበል አልወድም። የራስ ቅል ቅል የተባለው ያለ ነገር አይደለም ብዬ ከእናቴ ጓዳ ሁለት ቅል አወጣሁ። ባዶ ቅል እንደ ሰው ራስ አይከብድምና ውኃ ሞላኋቸው። ከግቢያችን የድንጋይ ካብ ላይ ወጥቼ አንዱን እንዲሁ ለቀቅሁት፤ ሌላውን ቆቡ ውስጥ ወትፌ ጣልሁት። የመጀመሪያው ድንጋዩ ላይ ፍርክስክስ አለ። የቆቡን ሳወጣው ጠብታ እንኳ አልፈሰሰውም።

እናቴ በር ላይ ቆማ ታየኝ ኖሯል። ስለ ቅሏ ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ መጥታ ስብርባሪውን መልቀም ጀመረች። ታላቅ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነበር፤ ከሄደ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም። አጠገቧ የቀረሁት ልጅ እኔ ብቻ ነበርሁ። ስብርባሪውን እንደያዘች ቀና ብላ፣

"ይህን ቆብ ሳትደፋ እዚያ ብረት ላይ ብትወጣ ገዝቼሃለሁ!" አለችኝ።

የእናት ግዝት ቀልድ አይደለም። ቆቡ ከጠፋ እኔም ዶቅዶቄዋም እንቆማለን፤ እንጀራዬም አብሮ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ለቆቡ የነበረኝ ጥንቃቄ ለራሴ ከነበረኝ በለጠ።

በአንድ የዕረፍት ቀኔ ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወረድሁ። የጠጠሩ መንገድ ወገቤን ሲያንገጫግጨው ስለሚከርም ፍል ውኃው ያፍታታኛል። ውኃው ውስጥ ቆብ ይዞ መግባት አይሆንም። ከመንገዱ በላይ ቤታቸው ያለ አንድ ሽማግሌ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አየሁና ዶቅዶቄዋን ከአጥራቸው አስጠግቼ ቆቡን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

"አባቴ፣ ታጥቤ እስክመለስ አደራ። ከእጅዎ እንዳይለይ።"

"ከእጄ አይለይም" አሉኝ፤ ተቀበሉኝ።

ውኃው ውስጥ ተዘፍዝፌ ብዙ ቆየሁ። ላቤ ወጥቶ፣ ወገቤ ላልቶ፣ ደስ ብሎኝ ስመለስ የሽማግሌው ቤት ተዘግቷል። ሰውም ቆብም የለም። ጎረቤት ያሉ ሴትዮ በራቸው ላይ ጥጥ ይፈትላሉ።

"እናቴ፣ እዚህ ቤት ቆቤን አስቀምጬ ነበር" አልኋቸው።

እንዝርቱን አስቀምጠው ብድግ አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ጎንበስ ብለው፣

"ይፍቱኝ አባ" አሉኝ።

ደንግጬ ወደ ኋላዬ ዞር አልሁ፤ ማንም የለም። "ኧረ እኔ መነኩሴ አይደለሁም!" ስላቸው ይባስ ፊታቸው ተለወጠ።

"እንዴ! ቆብዎን ጣሉት?"

እንኳን ልጥለው፣ ሳልሳሳለት የዋልሁበት ቀን የለም። "የዶቅዶቄ ቆብ ነው" ብዬ አጥሩ ሥር ያቆምኋትን ሳሳያቸው አንቱታው ወዲያው ረገፈ።

"አይ አንተ! ልታስኮንነኝ ነበር እኮ። እሳቸው ለቅሶ ሄደዋል። ያ ከሜዳው ማዶ ያለው ቤት ነው፤ ሰውዬው ከበቅሎ ወድቆ ሞተ።"

"ቆቡስ?"

"ይዘውት ነዋ የሄዱት። አደራ ሰጥተሃቸው የለ?"

ሜዳው ለጥ ያለ ነው፤ ሣር ለብሷል። ዶቅዶቄዋ ላይ ተቀመጥሁ። ቀስ ብዬ ብሄድ ምን ይመጣል? እናቴ ደብረ ታቦር ናት። ግዝት ለአጭር መንገድም ይሠራል ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ መልሱን በእውነት ማወቅ ፈልጌ ነበር። ሞተሩን ለማስነሣት እግሬን ካነሣሁ በኋላ ቅሉ ትዝ አለኝ። ያ ቅል በፍጥነት ሲሮጥ አልነበረም፤ ከአንድ ካብ ላይ ወደቀ እንጂ። ያ ሰውዬም በቅሎ ላይ ነው የነበረው፤ በቅሎ ደግሞ ምን ያህል ትሮጣለች? እግሬን መለስሁና ወረድሁ።

"ዶቅዶቄዋን እዚሁ ልተዋት" አልኋቸው ሴትዮዋን።

"አደራ ነው?"

"ኧረ አይደለም! ዝም ብለው ይዩልኝ" አልሁ። አደራ ብላቸው እሷንም እየገፉ ለቅሶው ቤት የሚያመጧት መሰለኝ።

ቀብሩ አብቅቶ ሰው ዳስ ውስጥ ተቀምጧል። ገብቼ "እግዜር ያጥናችሁ" ብዬ ዓይኔን ሳዞር ሽማግሌውን አየኋቸው። በቀኝ እጃቸው ንፍሮ ይቆረጥማሉ፤ በግራቸው ቆቤን ደረታቸው ላይ አቅፈዋል። አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

"ከእጅዎ እንዳይለይ ብለህ ሰጠኸኝ" አሉኝ በሹክሹክታ። "አልለየሁትም። አፈር ስንመልስ እንኳ በአንድ እጄ ነው የመለስሁት።"

ሳቄ መጣ፤ የመጣሁበት ቤት ለቅሶ መሆኑን አስቤ ዋጥሁት። ግራ እጃቸው ደንዝዞ ጣቶቻቸው አልዘረጋ ብለዋቸው ነበር። እኔ ለአፍ ያህል ያልሁትን ቃል እሳቸው ቀኑን ሙሉ ተሸክመውት ዋሉ። በጣም ወደድኋቸው።

ከጎናችን ያለ ሰው ቆቡ ምን እንደሚሠራ ጠየቀ። ስለ ቅሉ ነገርኋቸው። ቆቡ ከእጅ ወደ እጅ መዞር ጀመረ፤ አንዱ በጣቱ አንጓ ያንኳኳዋል፣ ሌላው ያሸተዋል። በመጨረሻ ከሟቹ ወንድም እጅ ገባ። ሰውዬው እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ ስፖንጁን ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ እያደረገ ቆየ።

"ለበቅሎ የሚሆን አልተሠራም?" አለኝ።

"ይኸው ራሱ ይሆን ነበር።"

"ታዲያ ስለ ምን በቅሎ የሚጋልብ ሰው አይደፋውም?"

ሽማግሌው ናቸው የመለሱለት።

"በቅሎን ከአባቶቻችን ጀምሮ እናውቃታለን። የምናውቀውን ማን ይፈራል?"

ሰውዬው ቆቡን በሁለት እጁ መለሰልኝ።

ዶቅዶቄዋን አስነሥቼ ወደ ቤት ዳገቱን ስወጣ ይህንኑ ሳወጣ ሳወርድ ነበር። ገደል ለገደል የሚሄድ ሰው፣ ጭነት መኪና ላይ በጆንያ አናት ተቀምጦ ገበያ የሚሄድ ሰው፣ ክረምት ላይ የጉማራን ወንዝ በእግሩ የሚሻገር ሰው አንድም ቀን ግዝት አይጣልበትም። የሚገዘተው ባለ ዶቅዶቄው ብቻ ነው። ፍርሃታችን የሚመዝንበት ሚዛን ከየት እንደመጣ ገረመኝ፤ ቤት እስክደርስም አልለቀቀኝም።

እናቴ ስለዘገየሁ በር ላይ ቆማ ነበር። መጀመሪያ ያየችው ፊቴን ሳይሆን ራሴን ነው። ቆቡ መኖሩን አይታ ትንፋሿን ለቀቀች። ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኋት። "ይፍቱኝ አባ" ላይ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። የሽማግሌው ግራ እጅ ላይ ስደርስ "ይባርካቸው" አለች። የሟቹን ወንድም ጥያቄ ስነግራት ግን ሳቋ ቆመ። ቆቡን ከጭኔ ላይ አነሣችው። እስከዚያ ቀን ነክታው አታውቅም ነበር። እሷም እንደዚያ ሰውዬ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች።

"ወንድምህ ጋ እንዲህ ያለ ይሰጧቸዋል?"

"ይሰጧቸዋል" አልኋት ቶሎ ብዬ። "ያውም የነሱ ብረት ነው፤ ከዚህ ይጠነክራል።"

ቆቡን ገለበጠችው፤ አናቱን በመዳፏ ዳሰሰችው።

"ያንንስ ጥለህ አይተኸዋል?" አለችኝ።

"አላየሁትም" አልኋት።