የበርናባስ ባት

ጋሽ ዓምደ ሚካኤል ሠላሳ አንድ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማሩ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ተወልደው እዚያው ያረጁ ሰው ናቸው። ነገር በእርግጠኝነት መናገር ይወዳሉ። የዘጠኝ ዓመቱ የልጅ ልጃቸው የበርናባስ ባት ፈርጠም ብሎ ባዩ ጊዜም፣ «ይሄ የሯጭ ባት ነው!» ብለው ፈረዱ። ማን ይከራከራቸዋል? ሠፈሩ እንደሆነ ጧት ጧት ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሯጭ ሲያይ የኖረ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጁን ዳገት ያስወጡት፣ ቁልቁለት ያስሮጡት ጀመር። ሲወድቅም፣ «አይዞህ፣ ጡንቻ በድካም ነው የሚጠነክረው» ይሉታል።

የስቅለት ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አብረው ሲሰግዱ ነው ነገሩ የተገለጠው። ሌላው ልጅ እመር ብሎ ሲነሣ፣ በርናባስ እጁን ጉልበቱ ላይ፣ ከዚያም ጭኑ ላይ እያስደገፈ የገዛ እግሩን እንደ መሰላል ወጥቶ ይቆማል። አንዴ ቢሆን ስንፍና ባሉት። አሥር ጊዜ አዩት። ስግደታቸውን ተዉትና ቆመው ቀሩ።

ምርመራው ሁለት ወር ፈጀ። በዘር የሚመጣ፣ ጡንቻን እያመነመነ የሚሄድ ሕመም ነው ተባለ። የልጁ እናት እየሩስ አለቀሰች። እሳቸውን ግን «ያባባስኩበት እኔ ብሆንስ?» የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ነሳቸው። ጡንቻ የምታጠናውን የድሮ ተማሪያቸውን ሃይሚን ፍለጋ መገናኛ ወረዱ።

«ጋሼ፣ ጂን መልእክት ይልካል፣ መልእክቱ ፕሮቲን ያሠራል ብለው አስተምረውን ነበር።»

«ታዲያ ተሳሳትኩ?»

«መጽሐፉ ነው ያላለቀው። ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚባሉ፣ ሃያ ሁለት ፊደል ያህል ብቻ ያላቸው ቁራጮች አሉ። ፕሮቲን አይሠሩም፤ መልእክቱ ላይ ተለጥፈው ዝም ያሰኙታል።»

«እንደ ክፍል አለቃ!»

«እንደ እርስዎ ቁንጥጫ ይበሉ እንጂ!» ሳቀች። «ጡንቻ ሲቆስል፣ ጥገናውን 'ቆይ' የሚሉትን መልእክቶች ዝም የሚያሰኙ አሉ። ያኔ አዲስ ጡንቻ ይበቅላል። በርናባስ ግን ጡንቻውን የሚደግፈው ፕሮቲን ስለሌለው፣ የተጠገነው መልሶ ይቀደዳል፤ ጥገናውም እያደር ይዝላል። ቁራጮቹ ደም ውስጥ ይፈሳሉ። ሕመሙ የት እንደደረሰ በእነሱ ለማወቅ እየተሞከረ ነው።»

«መድኃኒትስ ይሆናሉ?»

«ገና ነው፤ አልዋሽዎትም። ሐኪሙ ያዘዘውን አያቋርጥ።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ቁልቁለት ሳስሮጠው ነበር፤ እሱስ?»

«ሕመሙን እርስዎ አላመጡትም። ቁልቁለት ሩጫ ግን ጡንቻውን ይጎዳዋል። ይቁም።»

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» በሚባልበት አገር ሽማግሌ ቃሉን ማጠፍ ይከብደዋል። ጋሽ ዓምደ ሚካኤል ግን ቤት እንደገቡ እየሩስ እየሰማች ልጁን ፊታቸው አስቀመጡት።

«በርናባስ፣ ተሳስቼ ነበር። ባትህ ያበጠው በሕመም ነው፤ እኔ ጥንካሬ መሰለኝ። ከእንግዲህ ሩጫ የለም።»

ልጁ አሰበ። «ስወድቅ የነበረው ሰንፌ አይደለማ?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ለነኤልቃናም ይንገሩልኝ። ኤሊ ነው የሚሉኝ።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን አነሡ። የጎረቤት ልጆች ከበሩ ፊት ኳስ ይራገጣሉ።

«ኤልቃና! ኳሷን ያዝና ጓደኞችህን ሰብስብ» አሉ፣ ድሮ ክፍል ሲገቡ በነበረው ድምፃቸው። «ስለ ጡንቻ የማስረዳችሁ አለኝ። መጀመሪያ እኔ የተሳሳትኩትን ትሰማላችሁ።»