ያልደረቀው ሳሎን

ሰፈሩ እንደሚያወራው ከሆነ፣ «ቫርኒሽ» የምንላት ፓርኬ ላጊ አማቷን በገዛ ሳሎናቸው በር ላይ ክረምቱን ሙሉ አቁማቸዋለች። እግራቸው ሥር ሰደደ የሚልም አለ፤ ቅጠል ማውጣት ጀምረዋል የሚልም አልጠፋም። እኔ አላምንም። ክረምት ሙሉ የማይደርቅ ቫርኒሽ የተቀባው እዚህ ካፌ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው፤ ክርናችን ምስክር ነው።

ቂም ግን ነበራት። የነገረኝ ባሏ ነው፤ እናቱንም ሚስቱንም እኩል ስለሚፈራ ለመዋሸት ወኔ የለውም።

አዲስ ሙሽራ ሳለች ነው። ከሥራ በቀጥታ፣ ሰጋቱራው ቅንድቧ ላይ እንደተጣበቀ አማቷ ቤት ገባች። ሳሎኑ በእንግዳ ሞልቷል። አማትየው ብድግ ብለው ከበሩ እስከ ወንበሩ ጋዜጣ አነጠፉላት።

«በዚህ በዚህ ነይ፣ ልጄ። ወለሉ ይቆሽሻል።»

የሰው ወለል ስታሳምር የምትውል ሴት፣ ወረቀት ላይ እንደ ጫጩት ዱብ ዱብ እያለች አለፈች። ጎረቤታቸው ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ቫርኒሽ ስትመጣ ጋዜጣ ይነጠፋል፣ ስትሄድ ይታጠፋል። እሷ የመጀመሪያውን ቀን ጋዜጣ ብቻ ይዛ ሄዳ ፍራሽ ሥር አስቀመጠችው። ባሏ «ምን ሊያደርግልሽ?» ቢላት፣ «አነበዋለሁ» አለችው።

ዓመታት አለፉ። ያቺው ጎረቤት ፓርኬዋን ጥቁር ቡናማ አስቀብታ ለሰፈሩ ሰው ስታሳይ አማትየው እንቅልፍ አጡ። የእሳቸው ወለል እንደ አሮጌ ጥርስ ቢጫ ሆኗል። ከዚያ የባሰው ደግሞ፣ «ምራትሽ የአገሩን ሳሎን እየላገች ያንቺ ምነው?» የሚለው የጎረቤቲቱ ጥያቄ ነው። ምራታቸውን ጠሩ።

ቫርኒሽ ማሽኗን እየጎተተች መጣች። ዕቃውን አስወጣች፣ አሮጌውን ቅብ እስከ እንጨቱ ድረስ ላገችው። ቁም ሣጥኑ በነበረበት ጥግ ላይ ቀለሙን ትንሽ ሞክራ አሳየቻቸው፤ «ይሄ ይሁን» አሉ። ቀለሙን ቀባች፣ ቫርኒሹን ደረበች። ወለሉ ዝንብ ሳታርፍበት በፊት ፀጉሯን የምታስተካክልበት መስታወት ሆነ። አማትየው በደስታ እግራቸውን አነሱ።

«እማማ! እንዳይረግጡት፤ አልደረቀም።»

በማግስቱም ጠየቁ። ቫርኒሽ ጫማዋን አውልቃ ገባች፣ ተንበረከከች፣ በአውራ ጣቷ ነካ አደረገች፣ አሸተተች፣ እንደ ሐኪም ራሷን ነቀነቀች። «አልደረቀም።» ከዚያ በርጩማዋን መሀል ሳሎን አድርጋ፣ ተቀምጣ ሻይዋን ጠጣች።

«አንቺ ግን ገብተሻል!» አሉ ከበሩ።

«እኔ ባለሙያ ነኝ፣ እማማ። አረጋገጡን አውቅበታለሁ።»

«በርጩማውም ባለሙያ ነው?»

«ከእኔ ጋር ስንት ቤት ዞሯል!»

እንዲህ እንዲህ እያለ ሰነበተ። በመጨረሻ ጎረቤቲቱ አዲሱን ወለል ልታይ መጣች። አማትየው ኮሪደር ላይ፣ በሶፋና በቁም ሣጥን መሀል ተጣብቀው፣ ሳሎናቸውን በጣት አሳዩዋት።

«ሙዚየም አደረግሽው እንዴ?» አለች ጎረቤቲቱ። «ትኬት የሚቆረጠው የት ነው?»

የአማትየው ፊት ቲማቲም መሰለ። ወደ ምራታቸው ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ በሞቴ፣ በሰው ፊት አታዋርጂኝ። ልግባ?»

ቫርኒሽ ስትጠብቅ የኖረችው ይቺን «ልግባ» ነበር። ከቦርሳዋ ቢጫ የሆነ ጋዜጣ አውጥታ፣ ገጽ በገጽ ከበሩ እስከ በርጩማው ድረስ አነጠፈችው።

«በዚህ በዚህ ይምጡ፣ እማማ። ወለሉ ይቆሽሻል።»

አማትየው አዩት። የዚያን ቀን የጫማዋ አሻራ ከነሰጋቱራው አለበት። ዱብ ዱብ እያሉ ሄደው ተቀመጡ። ጎረቤቲቱ እንደ ድሮው ከት ብላ ሳቀች።

እዚህ ላይ አማትየው ጎንበስ ብለው የጋዜጣውን ጫፍ ሳብ አደረጉ። ወረቀቱ ሳይያዝ ተነሣ። እርጥብ ቫርኒሽ የነካው ወረቀት እንዲህ በቀላሉ እንደማይለቅ ደግሞ እሳቸውም አያጡትም።

«አንቺ! ይሄ ወለል ከደረቀ ስንት ቀኑ ነው?»

ባሏ እንደሚለው፣ ከዚያን ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ጋዜጣ አይነጠፍም፤ ለማንበብ እንኳ አይገባም። ምራትየውም ከነጫማዋ ሶፋው ላይ ነው የምትቀመጠው።

ይህን ሁሉ ይዤ ትናንት ቫርኒሽን እዚሁ ካፌ አገኘኋትና እውነት መሆኑን ጠየቅኳት። ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ሁሉም ውሸት ነው፣ ጋሼ። አማቴን በር ላይ አላቆምኩም፣ ጋዜጣ አልደበቅኩም፣ ቂም የሚባል አላውቅም። ወለሉ የደረቀውም ገና ዛሬ ጠዋት ነው።»