ስሟን ለማላውቃት ገረድ ያለቀስኩት

አገሬን የለቀቅኩ ለት ማታ ደሴ ቤታችን ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር። ሰዉ አንገቴ ላይ እየተጠመጠመ ያለቅሳል፣ እኔ ደግሞ «ኧረ ተዉኝ፣ ሳልሞት ቀበራችሁኝ!» እያልኩ እስቃለሁ። ታናሽ እህቴ አሰለፈች ብቻ አላለቀሰችም። ሻንጣዬን በገመድ እየጠፈረች «እታለም፣ ለዘነበች ሳላለቅስ ላንቺ ባለቅስ ምን ይሉኛል?» አለችኝ።

ዘነበች ልጇ ናት። ቤሩት ሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ከፎቅ ወድቃ ሞተች። «የእመቤቷን ወርቅ ሰርቃ፣ ስትያዝ ራሷን ወረወረች» ተባለ። ማን አየ? ማንም። ሬሳዋም አልመጣ። ወሬው ግን አገር ምድሩን ሞላው። እህቴ ከሐፍረቷ የተነሳ በሯን ዘግታ፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አነባች እንጂ የልጇን ስም ጠርታ አልጮኸችም። ድንኳን አልተጣለ፣ ደረት አልተደቃ።

እኔ ሙሉ እባላለሁ። ፊደል ስለማልቆጥር እኔ አወራለሁ፣ ተስፋይ ይጽፋል። ተስፋይ ታክሲ የሚነዳ የአስመራ ሰው ነው፤ አማርኛን ትምህርት ቤት ስለተማረ እኔን ያርመኛል። «እትዬ ሙሉ፣ ቀስ ይበሉ» ይለኛል አሁን። መኪና ስትነዳ ቀስ ብለህ ታውቃለህ? ጻፍ!

ልጄ ያስመጣኝ ፈረንጅ አገር፣ ደንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ ነው። የዚህ አገር ፀሐይ፣ እናንተዬ፣ እንደ ድሮ ሹም ነው፤ ፊቱ ይስቃል፣ ብርዱ ይገርፋል። ቲማቲማቸው እንደ ሙሽራ ያምራል፤ ሲነክሱት ውኃ ነው። እኔም ፀሐይ አገኘሁ ብዬ በረንዳው ላይ ልብስ ባሰጣ የአፓርትማው ማናጀር እየተንደረደረች መጣች። የልጅ ልጄ ሩት አስተረጎመች።

«ልብስ ውጪ ማስጣት ክልክል ነው።»

«ለምን?»

«የሰፈሩን ዋጋ ያወርዳል።»

«የኔ ቀሚስ? እኔ ራሴ ወጥቼ ብቀመጥ ደግሞ ምን ያህል እንደሚያወርድ ጠይቂያት።»

ሩት አልጠየቀችልኝም። አቀረቀረች። እዚሁ ተወልዳ በአማርኛ ሳወራት በእንግሊዝኛ እያደባለቀች ነው የምትመልስልኝ፤ ስታፍር ማቀርቀሯ ግን የኛው ነው።

ሩት ደንቨር ውስጥ አንድ የድሮ ሀብታም ቤት ታስጎበኛለች። ነጮቹ ወርቅ ፍለጋ መጥተው የሰው አገር የያዙ ጊዜ የተሠራ ቤት ነው አሉ። ያኔ የምትሠራው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነበር፤ ቋሚ ያደርጓት እንደሆነ እየመዘኗት ነበር። «ውሰጂኝ» ብዬ ነዘነዝኳት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ተስፋይ አደረሰኝና ሊያስተረጉምልኝ አብሮኝ ገባ።

ሩት ደረጃው ላይ ቆማ ለጎብኚው ወሬውን ለቀቀችው። በዚያ ዘመን ከተማውን ያናጋ ቅሌት ነው። የቤቱ እመቤት የአልማዝ ጌጥ ጠፋ። ሰረቀች የተባለችው ገረዲቱ ናት፤ ከባሕር ማዶ ብቻዋን የመጣች ልጅ። ጋዜጣው ጮኸ፣ ሰዉ በር ላይ ተሰብስቦ ሰደባት። ጌጡን ለካ የቤቱ ልጅ ቁማር ቤት አስይዞታል! እዚህ ላይ ጎብኚው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ወሬ እወዳለሁ፣ ምን ልዋሽ። ከዚያ ሩት ወደ ላይኛው መስኮት ጠቆመች። ጌጡ ሳይገኝ ልጅቱ በዚያ ወድቃ ሞታለች።

ሳቄን ትቼ ወደ ደረጃው ተጠጋሁ።

«ሩት፣ ልጅቷ ስሟ ማን ነበር?»

«ኖባዲ ኖውስ፣ እማማ። ገረድ ብቻ ነው የሚሏት።»

«ማን አለቀሰላት?»

«ማንም። ፕሊስ እማማ፣ እየሠራሁ ነው።»

መርዶ የሰማ ሰው እኛ ዘንድ ዝም ብሎ አይወጣም። ነጠላዬን አዘቀዘቅኩ። ታዲያ ስም ሳይጠሩ እንዴት ይለቀሳል? አፌን ስከፍት የመጣልኝ የእህቴ ልጅ ስም ነው።

«ዘነበችዬ! የሰው ቤት ጠርጋ፣ የሰው ስም ተሸክማ የሄደችው! አንቺ አልሰረቅሽም ልጄ፣ አንቺ አልሰረቅሽም!»

ደረቴን እየደቃሁ የልቤን አለቀስኩ። ስጨርስ ፈረንጆቹ አጨበጨቡ።

ተስፋይ ጆሮዬ ላይ «እትዬ ሙሉ፣ ቲያትር መስሏቸዋል። ልንገራቸው?» አለኝ።

የሩት አለቃ እየሮጠች መጣች። በየቅዳሜው እንድመጣ ለመነች፤ እጇን ሩት ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ ስለ ቋሚ ሥራ ታወራለች። ሩት ቀና ብላ አየችኝ፤ ያን ጊዜ አላፈረችብኝም።

«ተው፣ አትንገራቸው» አልኩት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ነጠላዬን ከቤቴ አዘቅዝቄ ሄድኩ፤ ለጎብኚው ወንበር ተደርድሯል። እንባ ግን እምቢ አለኝ። ይመጣ እንደሆነ ብዬ የዘነበችን ስም ከፍ አድርጌ ጠራሁት፣ «አልሰረቅሽም» አልኳት፤ አሁንም ጠራሁት፤ አልመጣም። ጭብጨባው ግን መጣ። ከመቀመጫቸው ተነስተው ቆመው ነው ያጨበጨቡት። እኔም እጅ ነሳኋቸው። አትዝለላት ተስፋይ፣ እጅ ነሳኋቸው ብለህ ጻፍ። ቤቴ እስክገባ ፊቴ እንደ ምጣድ ጋለ። ስንመለስ ተስፋይ እንኳ አልቀለደብኝም።

ሩት ቋሚ ሆነች። የሁለተኛውን ቅዳሜ፣ ያንን እንባ የሌለበትን፣ አንዱ በስልኩ ቀርጾ ለቀቀው። ዞሮ ዞሮ ደሴ ገባ።

ትናንት ጠዋት አሰለፈች ደወለች። ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፤ የጎረቤት ልጅ ድምፁን ብቻ ነው ያሰማቻት። ስድቡን ልቀበል አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ።

«እታለም፣ ሰማሁሽ» አለችኝ። «ስሟን ጠራሽው።»

«ጠራሁት፣ እህቴ።»

«አልሰረቅሽም አልሻት። በሰው ፊት።»

«አዎ።»

ከዚያ «መጨረሻው ላይ ያ ሁሉ ሰው ደረቱን ሲደቃ ሰማሁ» አለችኝ። «ፈረንጅም እንዲህ ይደቃል እንዴ?»

ለካ ጭብጨባውን ነው የሰማችው።

«ቁጭ ብለው ነው ቆመው?»

«ቆመው» አልኳት። ይቺ እንኳ እውነት ናት።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ለኔ ልጅ!» አለችና ጩኸቷን ለቀቀችው። ያን ሁሉ ዘመን አፏ ውስጥ የጎሰጎሰችውን ስም አገር እስኪሰማ ጠራችው። በሩ ሲከፈት ሰማሁ፤ የጎረቤት ድምፅ፣ ሩጫ፣ «ምን ሆንሽ አሰሉ?»፣ ከዚያ አንዱ፣ ከዚያ ሌላው አብሯት ማልቀስ ጀመረ።

እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ደርቄ ቀረሁ።

«እታለም፣ አለሽ?» አለችኝ በለቅሶው መሀል። «ምነው ዝም አልሽ? እንደዚያን ቀኑ አድርገሽ ጥሪልኝ እንጂ!»