ድስት ላይ የተንጠለጠለ ጓጉንቸር

ድስት የሚቆልፍ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ ያውም የገዛ ታላቅ ወንድሜ ነው።

ጋሼ ዕድሜውን ሙሉ መስታወት ገጣሚ ነበር። የሰፈራችን መስኮት ግማሹ በእሱ እጅ ያለፈ ነው። ከመስታወት ጋር የሚውል ሰው ወሬ አያበዛም፤ እጁ አንዴ ከተንቀጠቀጠ ሥራው ገደል ገባ። ታዲያ እሱ ያንን ዝምታ ይዞት ቤት ይገባል። ሚስቱ ደግሞ፣ እኔ እትዬ የምላት፣ ካላወራች የበላችው የማይረጋላት ሴት ነበረች። "ወንድምሽን አግብቼ ከግድግዳ ጋር እየኖርኩ፣ ይኸው ልጅ ዳርኩ" እያለች ትስቅ ነበር።

ደረቷን መታመም ስትጀምር ሐኪሙ "ከጭስ ካልራቅሽ መድኃኒቱ ብቻውን ምንም አያደርግልሽም" አላት። ጋሼ በማግስቱ ጓሮ ወጥቶ መዶሻውን ያንኳኳ ጀመር። የጣውላ ሳጥን ሠራ፤ ውስጡ ሌላ ሳጥን ከተተ፤ በመሃላቸው ያሮጌ ፍራሽ ጥጥ ጠቀጠቀ። ውስጡን ጥቁር ቀለም ቀብቶ ላዩን በመስታወት ከደነው። ከኋላው ደግሞ በሚያብረቀርቅ ፎይል የተለበጠ ሰሌዳ አቆመለት፣ ፀሐይዋን ወደ ድስቱ እንዲመልስ። ያለ ከሰል፣ ያለ ጭስ፣ በፀሐይ ብቻ ሩዝ በሰለ! ጋሼ ጮክ ብሎ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው፤ እውነቴን ነው። "እወድሻለሁ" ማለት ያቃተው ሰው በጣውላ ተናገረው።

ምን ዋጋ አለው፣ እዚያው ላይ አበላሸው።

የሳጥኑ ሕግ አንድ ነው፤ አይከፈትም። መስታወቱ ከተነሣ ከጠዋት ጀምሮ የተጠራቀመው ሙቀት ብን ይላል። ጋሼ በርጩማውን አውጥቶ አጠገቡ ይቀመጣል፤ ፀሐይዋ ፈቀቅ ስትል ሳጥኑን ፈቀቅ ያደርጋል። ሰፈርተኛው "የፀሐይ ዘበኛ" አለው። እትዬ ደግሞ ብቅ እያለች ትከፍታለች። "ጨዉን ልቅመሰው።" "ትንሽ ላማስለው።" "ሽንኩርቱ ምን ሆኖ ይሆን?" እሱ ይጮኻል፤ "አንቺ ሴት፣ ዝጊው!" ምሳው ለእራት ይደርሳል።

አንድ ቀን ብድግ ብሎ ጓጉንቸር አንጠለጠለበት። ቁልፉን ደረት ኪሱ ከተተና ወደ ሱቅ ወጣ።

ጎረቤቶች መጥተው ነበር። እትዬ ምሳ ላቅርብ ብላ ብትሄድ ሳጥኑ ተቆልፏል። ድስቷ በመስታወቱ ውስጥ ይታያታል፤ እጇ ግን አይደርስበትም። ሴቶቹ ተያዩ፤ አንዷ ሳቋን መያዝ አቃታት። "በገዛ ቤቴ፣ የገዛ ድስቴ ተቆለፈብኝ?" አለች እትዬ። ከዚያ ወዲህ ያንን ሳጥን አልነካችውም። ጨለማው ማድ ቤት ገብታ ከሰሏን ታራግባለች፣ ትስላለች። እሱ ታዲያ ይቅርታ ይላል? ግትር! "ለሷው ብዬ እኮ ነው" ይላል እንጂ ቁልፉን ከኪሱ አያወጣም። በመጨረሻ ሳሉ ሲጠናባት ልጃቸው መጥታ ወደ ቤቷ ወሰደቻት።

ጋሼ ብቻውን ቀረ። ልጠይቀው ብሄድ ምስር አቀረበልኝ። ለስልሶ በስሏል። ቀመስኩት።

"ጋሼ፣ ይሄ ነገር ጨው የሚባል አያውቅም እንዴ?"

"ሳይከፈት በምን ይቀመሳል?" አለኝ። ከዚያ ማንኪያውን አስቀመጠና አንገቱን ደፋ። "እሷ ነበረች የምትቀምሰው።"

ቁልፉን አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረው። "ስጫት። ትምጣና እንዳሻት ትክፈተው በያት።"

"አንተ ራስህ አትሄድም?"

"ሄጄ ምን ልበላት?"

ዕድሜ ልኩን ቃል ሲቆጥብ የኖረ ሰው፣ የቆጠበው ሁሉ የት ገባ? አንጀቴ ቢያርም ሄድኩለት።

እትዬ ልጇ ቤት አልጋ ላይ ናት፤ ከስታለች። ቁልፉን ሳሳያት እስኪያስላት ድረስ ሳቀች።

"ምግቡን ለማየት የምከፍት መሰላችሁ? ድንች ደግሞ ምኑ ይታያል!" አለች። "ቀኑን ሙሉ ሳጥኑ ላይ አፍጥጦ ይውላል። ቀና ብሎ የሚያየኝ ስከፍተው ብቻ ነው። ቢቆጣም እንኳ ድምፁን እሰማለሁ። ሲቆልፈው ግን..." ቁልፉን ትራሷ ሥር ሸጎጠችው። "ትንሽ ሻል ይበለኝና እመጣለሁ፤ ንገሪው።"

እንዳለችኝ ነገርኩት፣ አንድም ሳላስቀር። መዶሻውን አመጣና ጓጉንቸሩን ሰበረው። ከዚያ መስታወቱን እየወለወለ፣ ዛሬ ነገ ትመጣለች ብሎ ጠበቃት።

እትዬ ግን ሻል አላላትም። ጠንቶባታል ተብሎ ሮጦ ሲደርስ ዓይኗ ተከድኖ ነበር። ቁልፉን ልጅቷ ከትራሱ ሥር አውጥታ ሰጠችው።

ባለፈው ስሄድ ጓሮ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ባቄላ ጥዷል። መስታወቱን ያነሣል፣ ይቀምሳል፣ ይከድናል። ሳይቆይ ደግሞ ያነሣል።

"ጋሼ፣ ሙቀቱ ወጣ እኮ! እንዲህ ከሆነ አይበስልልህም!"

"ይውጣ" አለኝ። ማንኪያውን ዘረጋልኝና ቀና ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። "እስቲ ቅመሺው። ጨዉ በቃው?"

ፀሐይዋ ገባች። ባቄላውን ጥሬውን እየቆረጠምን በላነው። ጨው ግን አላነሰውም።